የጓሮው በር

የልጅ ልጄ ሰላም፣ አዲስ አበባ የተከፈተውን ትልቁን የትርኢት አዳራሽ ካላሳየሁዎት ብላ ሸዋ ሮቢት ድረስ መጥታ ወሰደችኝ። እኔ ወበቅ የለመድኩ የቆላ ሰው ነኝ፤ ጣርማ በር ስንደርስ ጋቢ ደርቤም ጥርሴ ተንገጫገጨ። አዳራሹ ውስጥ ስገባ ግን ብርዱን ረሳሁት። የቀወት ገበያ ከነአህያው ቢገባበት የሚሞላ አይመስልም። ወንበሩ ሲቀመጡበት ይሰምጣል፤ መብራቱ በየደቂቃው ቀለም ይቀይራል። አንድ ወጣት ዘፋኝ ብቅ ብሎ ግማሽ ስንኝ ዘፈነና ማይኩን ወደ ሕዝቡ ዘረጋ። ያ ሁሉ ሰው ባንድ አፍ መለሰለት። ሰላም ከጎኔ ተነስታ ትዘላለች። እኔ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ብቸኝነት ወረረኝ። ሰይድ ነው ትዝ ያለኝ።

ሰይድ የማሳ ጎረቤቴ ነበር፤ ያኔ ሁለታችንም አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነን ነው። በእኛ ቆላ ማሽላው ፍሬ መቋጠር ሲጀምር የግሪሳ ወፍ ይመጣል። አንድ ጠዋት ከሰፈረበት የዓመት እንጀራ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ በየማሳው መሀል በአራት ቋሚ የተሠራ ማማ አለ፤ ጠባቂው ጎህ ሲቀድ እላዩ ላይ ወጥቶ ወንጭፉን ያስጮኻል። ሥራው ከመክበዱ ይልቅ ጭርታው ይብሳል። ከማማ ማማ የምንዘፋፈነውም ለዚያ ነው። አንዱ የስንኙን ግማሽ ይጥላል፣ ማዶ ያለው ይሞላለታል። የጀመረው ሰው ራሱ አይጨርሰውም፤ እስኪመለስለት ዝም ብሎ ይጠብቃል። መልስ ከጠፋ ጓደኛው ወይ እንቅልፍ ጥሎታል ወይ እባብ ነድፎታል ማለት ነውና ሮጦ ማየት አለበት። ጨዋታ ቢመስልም «አለህ ወይ» መባባያችን ነበር።

እኔ፣ «ከማዶ ያለኸው፣ ነቅተሃል ወይ ጓዴ» እላለሁ።

ሰይድ፣ «ማሽላው ሳይገባ፣ መች ይተኛል ሆዴ» ይላል። ድምፁ የሮቢን ወንዝ ተሻግሮ ይሰማ ነበር።

በዚያው ዓመት ሸዋ ሮቢት የመጀመሪያውን አዳራሽ ሠራች። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው፤ በዚያ ሐሩር ውስጡ እንደ ምድጃ ይግላል። ለእኛ ግን ከዚያ በላይ ሕንፃ በዓለም ላይ አልነበረም። የኪነት ቡድኑ መሪ ለምርቃቱ ድምፅ ፍለጋ በየገጠሩ ሲዞር እኛ ማሳ ዳር ቆሞ ሰማን። ሁለታችንንም ጠርቶ ከላይ እስከ ታች አየንና ወደ እኔ ጠቆመ። «መድረኩ ጠባብ ነው፣ አንድ ሰው ይበቃናል» አለ። ሰይድ ከእኔ የተሻለ ድምፅ ነበረው፤ ዛሬ ምን አስደበቀኝ። እኔ ጫማ ነበረኝ።

ሰይድ አልከፋውም። «አንተ ግባ፣ እኔ ቁጭ ብዬ ካየሁህ ይበቃኛል» አለኝ። መግቢያ ወረቀት የታደለው ለከተማው ነዋሪ ብቻ ስለነበር፣ «በጓሮው በር ና፣ ከፍቼ አስገባሃለሁ» አልኩት።

«ወላሂ በል?»

«ማርያምን» አልኩት።

የምርቃቱ ዕለት እሑድ ከሰዓት ነው። አዲስ ካኪ ሸሚዝ አልብሰው ፀጉሬን አበጥረውልኝ ከመድረኩ ኋላ ቆሜያለሁ። የጓሮው በር ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ አጮልቄ አየሁ። ሰይድ ነው። ማሳውን ለእህቱ አደራ ብሎ በሥራ ልብሱ፣ አፈር በበላው ሽርጡ መጥቷል፤ ወንጭፉ አንገቱ ላይ ነው፣ ብብቱ ሥር ጥንቅሽ ይዟል። መሪው ከከተማው ሹማምንት ጋር አጠገቤ ቆሟል።

«ማነው?» አለኝ።

«እንጃ፣ ልጆች ይሆናሉ» አልኩ።

ለብዙ ዓመት ለሰው ሳወራ «በግርግሩ ረሳሁት» እል ነበር። አልረሳሁም። አፈርኩበት።

መድረክ ላይ ወጣሁ። «ከማዶ ያለኸው፣ ነቅተሃል ወይ ጓዴ» አልኩና እንደ ልማዴ ቆሜ ጠበቅኩ። ለካ እዚያ የሚመልስ የለም። አንዱ ከኋላ ሳቀ፣ ሌላውም ተከተለው፤ ላቡ አዲሱን ሸሚዝ ከጀርባዬ ጋር አጣበቀው። ሳቁ ሊያይል ሲል ከቆርቆሮው ውጪ ያ ድምፅ መጣ። «ማሽላው ሳይገባ፣ መች ይተኛል ሆዴ።» ሕዝቡ ተዘጋጅቶ የመጣ ብልሃት መሰለውና አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ መድረክ ላይ፣ እሱ ከግድግዳው ኋላ፣ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ዘለቅነው። በሩን እንዳልከፈትኩለት እያወቀ ነው የመለሰልኝ። ማዶ ያለ ሰው ሲጣራ ዝም ማለትን አያውቅበትም ነበር።

ስወርድ መሪው አቀፈኝ። «መልሱ ከውጪ እንዲመጣ ያሰበው ማነው?»

«እኔ» አልኩ።

ሁለት ፊደል ናት፤ እስካሁን ከጉሮሮዬ አልወረደችም። ሮጬ የጓሮውን በር ስከፍት ማንም የለም። ጥንቅሹ ተልጦ፣ በልጡ ታስሮ፣ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ለዘፋኝ ጉሮሮ ጥሩ ነው ይለኝ ነበር።

በማግስቱ ማማዬ ላይ ወጥቼ ተጣራሁ። ወንጭፌን አስጮኽኩ፣ ወፎቹ ተነሱ፣ የሰይድ ድምፅ ግን የለም። እባብ ነው ብዬ በማሽላው መሀል እየሮጥኩ ሄድኩ። ቆሞ ወፍ ይጠብቃል።

«ለምን አልመለስክልኝም?»

«ነቅቻለሁ» አለኝ ፊቱን ሳያዞር። «ሂድ፣ ማሳህን ጠብቅ።»

ይቅርታ የሚባለው ቃል አፌ ላይ ነበር፤ ይዤው ተመለስኩ። ማሽላው ታጭዶ እስኪገባ በየጠዋቱ ተጣራሁ። ከዚያ ሰይድ ከነጋዴዎች ጋር ወደ አፋር ወረደ ተባለ፤ ይሙት ይኑር ሳላውቅ አረጀሁ። ትዳርም ልጅም አላጣሁም፤ እንዲያም ሆኖ የዚያ ዓመት ጭርታ ከጆሮዬ ወጥቶ አያውቅም።

ትርኢቱ አልቆ ሰው ሲወጣ ሰላም እጄን ያዘች። እኔ ግን ጥበቃውን፣ «ልጄ፣ የጓሮው በር የት ነው?» አልኩት።

«አባባ፣ መኪናችን እኮ በፊት ለፊት ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

ጥበቃው ግራ እየገባው አሳየኝ። በሩ ከባድ ብረት ነው፤ በትከሻዬ ገፍቼ ከፈትኩት። ውጪው ጄኔሬተርና ባዶ የውሃ ካርቶን ነው። ይህን ያህል ዘመን ቆይቶ የተከፈተ በር ለማንም እንደማይጠቅም አጥቼው አይደለም። ቢሆንም ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ከማዶ ያለኸው፣ ነቅተሃል ወይ ጓዴ» አልኩና ጠበቅኩ።

«አባባ፣ ማንን ነው የሚጠብቁት? እንሂድ እንጂ» አለችኝ ሰላም።

በሩን እንደያዝኩ፣ «ትንሽ እንቆይ» አልኳት።