የጠፋው ነጭ ፀጉር

ሄንሪከ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ስታነሳና ስታጥብ ያረጀች ሴት ናት። የጨለማ ክፍሏ ሌላ ሳይሆን ሽንት ቤቱም ያለበት የቤቱ መታጠቢያ ክፍል ነበር፤ እሷ ፎቶ ልታጥብ በገባች ቁጥር ባሏ ፎልክማር ደረጃውን ወርዶ የጎረቤታቸውን የወይዘሮ ብሩክልን ሽንት ቤት ይለምናል። ሴትዮዋ የኋላ ኋላ በሯ ሲንኳኳ ማነው ማለቱን ሁሉ ትታው ነበር።

አምና ክረምት ግን የማጠቢያው ኬሚካል ሳንባዋን ነካውና ሐኪሙ ቁርጡን ነገራት፤ ከእንግዲህ ያ ሽታ ባለበት ዝር ማለት የለም። ለጎረቤት የምሥራች ነው። ሄንሪከ ግን ከዚያ በኋላ የምትኖርለት ነገር ያለ አልመሰላትም። ወይ ዲጂታል ካሜራ ትመርጣለች፣ ወይ ፎቶ ማንሳቱን እስከ ወዲያኛው ትተዋለች።

ካሜራ በሚሠራባት ከተማቸው በቬትስላር ሰው ካሜራ የሚገዛው እንደ ጫማ ለክቶ ነው። የካሜራ ሱቁ ባለቤት ኦትፍሪድ ቅዳሜ ዕለት ሁለት ካሜራ አሸክሟት፣ ሞክራቸው ሰኞ እንድትመልስ ነገራት። አንደኛው ቀለም ያያል፤ ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ የሚለውጡት ኋላ ላይ ነው። ሁለተኛው ከጥቁርና ነጭ በቀር ምንም አያይም። ኦትፍሪድ የመጀመሪያውን መከራት፤ ለስህተት ይቅር ባይ ነው አላት። ሄንሪከ ደግሞ ይቅርታ የሚያስፈልጋት ሰው አልነበረችም፤ ቢያንስ እስከ እሑድ።

እሑድ ከምሳ በኋላ ፎልክማርን ጥቁር ኮቱን አስለብሳ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠችውና ሁለተኛውን ካሜራ አነሳች። በፊልም ጊዜ ብርሃን የሚለካው በጥላው ነው፤ ነጩን ኋላ በእጥበት ያወጡታል። እጇ የለመደውን አደረገ፤ ለኮቱ የሚበቃ ብርሃን አስገባች። ኮቱ ክሩ ሳይቀር ታየ። የፎልክማር ነጭ ፀጉር ግን ብርሃን በዝቶበት የለም። የግንባሩም እኩሌታ ባዶ ወረቀት ሆኗል። ኮምፒውተሩ ላይ ልታጠቁረው ብትታገል ባዶው ግራጫ ሆነ እንጂ አንዲት ፀጉር አልተመለሰችም።

ሄንሪከ አለቀሰች። ያንን ፀጉር ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ስታነሳው ኖራ፣ ዛሬ አጠፋችው። ሁለቱንም ካሜራ እንደምትመልስ፣ እጇም እንዳረጀ፣ ከእንግዲህም እንደበቃት ነገረችው።

ፎልክማር ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም።

"ለአንቺ ፎቶ ስል ስንት ዘመን የሰው ሽንት ቤት ለመንኩ፤ አንቺ ዛሬ በአንድ ፀጉር ታኮርፊያለሽ? ነይ አንሺ። ይኸው ተቀምጫለሁ።"

እያለቀሰች ሳቀች። በዚህኛው ጊዜ የለካችው በፀጉሩ ነው። ኮቱ መጀመሪያ ጨለማ ሆኖ ወጣ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ጥላውን ቀስ እያለች ስታፈካው ግን ክሩም ቁልፉም ብቅ አለ። ፀጉሩም በቦታው ነበር። ፎልክማር ከኋላዋ ጎንበስ ብሎ ያያል። ፎቶ ሲወጣ በዕድሜው አይቶ አያውቅም፤ የጨለማ ክፍሏ በር ሁልጊዜ ብርሃን እንዳይገባ ይቆለፍ ነበር።

"እዚያ ውስጥ ዘግተሽ የምታዪኝ እንዲህ ነበር?" አላት።

እንዲህ እንደነበር ነገረችው። ከዚያም እጁን ይዛ ስለ ወረደው ደረጃ ሁሉ አመሰገነችው። እስከዚያ ቀን አመስግናው አታውቅም፤ ንፉግ ሆና ሳይሆን ሐሳቡ መጥቶላት ስለማያውቅ ነው።

ሰኞ ጠዋት ኦትፍሪድ ቀለም የሚያየውን ሊጠቀልልላት ሲል አስቆመችው፤ ሁለተኛውን እንደምትወስድ ነገረችው።

"ወይዘሮ ሄንሪከ፣ ያኛው እኮ ምሕረት አያውቅም" አላት። "ነጩ አንዴ ከጠፋ ጠፋ ነው።"

"አውቃለሁ" አለች። "ስሳሳት ግን ተመልሶ የሚቀመጥልኝ ሰው አለኝ።"