ያልተመታ ክንድ

ደሜ ቶሎ አይረጋም። ደም የሚያረጋው ነገር፣ ሐኪሙ ፕላትሌት የሚለው፣ ካነሰኝ ዓመታት ሆኖታል። በር እንኳ ሲነካኝ ክንዴ ይበልዛል። ኪኒኑ ደግሞ በስተርጅና ፊቴን እንደ ድፎ ዳቦ ስለነፋው ሰው ሁሉ «ተመችቶሻል» ይለኛል። እውነቱን የሚያውቀው ባሌ አያሌው ብቻ ነው። ሰው ከንፈሩን እንዲመጥልኝ ስለማልወድ፣ ለማንም እንዳይናገር በማርያም አስምዬዋለሁ። እሱ በበኩሉ «ጀሪካን አታንሺ፣ እረፊ» እያለ ይለምነኛል፤ እኔ መች ሰምቼው!

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሰፈራችን ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። ተቀመጡ ብንላቸው እምቢ አሉ። ታላቃቸው አባ ሙላት ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣

«አያሌው፣ በዚህ ዕድሜህ ሚስትህን ትደበድባለህ?» አሉት።

ለካ ልብስ ሳሰጣ ክንዴን ያዩ ጎረቤቶች ኖረዋል!

ነጠላዬን ጎተት አድርጌ ክንዴን ሸፈንኩ። ልናገር ብል ምስጢሬ ሊወጣ ነው። አያሌው እኮ እንኳን እኔን በሬውንም መትቶ አያውቅም። ባልና ሚስት ሲጣሉ ለማስታረቅ የሚጠራው እሱ ራሱ ነው። አንዴ እኔን አየኝና አንገቱን ደፋ።

«አጥፍቻለሁ» አለ።

አባ ሙላትም ፈረዱ። «እንግዲህ እጅህን እንዳታነሣባት። ለካሳውም ውኃውን አንተ ቅዳ፣ እንጨቱንም አንተ ፍለጥ። እሷ ትረፍ።»

የአያሌው ፊት ወገግ አለ።

«እኔ እሺ ብያለሁ፣ አባቶቼ» አለ። «አሁን እሷን በማርያም አስምሉልኝ።»