እኔ ዘርፌ ነኝ

በ1965 ዓ.ም. የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ነገሩን ረስቼው አላውቅም፤ አላነሣውም እንጂ። ባለፈው ሳምንት ውጭ አገር፣ ካስልሪጅ በሚባል ሰፈር፣ ልጄ ቤት ምስር ወጥ እየበላሁ ሳለ የልጅ ልጄ ሐና አነሣችብኝ።

«አባባ፣ አሳይመንት አለኝ። ድሮ አውሮፓ ጠንቋይ ናችሁ ተብለው የተቃጠሉ ሴቶች፣ ሪሊ ጠንቋይ ነበሩ? ብዙዎቹ እኮ ነን ብለው ኮንፌስ አድርገዋል።»

«ማን ጠይቋቸው?»

«ዳኞች። እያሰቃዩ።»

የጠቀለልኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩት።

ያን ዓመት ኅዳር ላይ ከቆላ፣ ከሰሊጥ አጨዳ ስመለስ ወባ ይዞኝ ነበር። ወባ መሆኑ የገባኝ ኋላ ነው። ጉሮሮዬ ደርቆ ሸክላ ሠሪዋ እትዬ ዘርፌ ደጅ ቆምኩና ውሃ ለመንኳት። ከአዲስ ገንቦ በቅል ቀድታ ሰጠችኝ። አፈር አፈር የሚል፣ ቀዝቃዛ ውሃ። እንዲያ የጣፈጠኝ ነገር ትዝ አይለኝም። ቤት እንደገባሁ ወደቅሁ።

አጎቴ «ቡዳ በልቶታል» አለ። እሳት ላይ የሚጤስ ሥር ጨምረው ጋቢ አከናነቡኝ። በእኛ አገር በሽተኛው ጢስ ውስጥ ሆኖ መለፍለፍ ነበረበት። በበላው ሰው አንደበት «እኔ እገሌ ነኝ» እስኪል አይለቁትም።

«ማነህ?» ይላል አጎቴ።

«አያሌው ነኝ» እላለሁ፣ የራሴን ስም።

«አይደለህም። ጨምሩበት።»

ሦስቴ ስሜን ነገርኳቸው፣ ሦስቴ ጨመሩብኝ። ያኔም ግትር ነበርኩ፤ ትንፋሽ ሲያጥር ግን ግትርነት የት ይገኛል። አፌ ላይ የመጣልኝ ውሃ ያጠጣችኝ ሴት ስም ነው።

«እኔ ዘርፌ ነኝ» አልኩ።

ወዲያው ገለጡኝ። አየሩን በአፌም በአፍንጫዬም ጠጣሁት። አጎቴ ደጅ ላይ ለጎረቤቱ «ድሮም ሸክላ ሠሪ! ነገ ጧት ከነልጆቿ ከቀዬው ትውጣ» ሲል ሰማሁ።

«እና ጠንቋይ ነበሩ?» አለች ሐና ላፕቶፗን ከፍታ።

«ስለ አውሮፓ አላውቅም፤ አራተኛ ክፍል እንኳ አልጨረስኩም። ግን እኔም ኮንፌስ አድርጌአለሁ። ያልሆንኩትን ነኝ ብያለሁ። አዎ ስላሉ ብቻ እውነት ነው አትበይ።»

«ሴትዮዋስ?»

በማግስቱ ጧት በዱላ ተደግፌ፣ እየተንቀጠቀጥኩ፣ ከአጎቴ ቀድሜ ሄድኩና በሯን መታሁ።

«ማነው?» አለች ከውስጥ።

«እኔ አያሌው ነኝ። ውሃ ስጭኝ።»

አጎቴ ሰዎቹን አስከትሎ ሲደርስ ደጇ ላይ ተቀምጬ እጠጣ ነበር።

«ተነሥ አንተ» አለኝ። «ትጨርስሃለች።»

«ስሟን የጠራሁት ጢሱ አፍኖኝ ነው» አልኩት። «ደግሞ ገና አልጠገብኩም።»

እትዬ ዘርፌ ደግማ ቀዳችልኝ። እነሱ ሳያስወጧት ወደየቤታቸው እስኪመለሱ ድረስ ጠጣሁ።