ነቀዝ ቆጠራ በአቦቦ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ጋምቤላ መናኸሪያ

ወደ አቦቦ የምንሄደው ነቀዝ ልንቆጥር ነው። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ አሪየት ከሦስት ወር በፊት አክስቷ ቤት ሦስት ባልዲ በቆሎ አስቀምጣለች፤ በአንዱ ነፍሳት ያባርራል የሚባለውን የኒም ዛፍ ቅጠል፣ በሌላው አመድ ጨምራ፣ ሦስተኛውን ለማወዳደሪያ እንዲሁ ትታዋለች። ውጤቱን ማክሰኞ በሳይንስ ትርኢት ላይ ታቀርባለች። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪዋ ግን «ኒም ነቀዝን ድል ነሳ» የሚል ትልቅ ወረቀት ከወዲሁ አሳትሜ፣ ጠቅልዬ ይዣለሁ። ሰኞ ማተሚያ ቤቱ ወረፋ ስለሚበዛበት ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ነው።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ፀሐይዋ አናቴን ጠበሰችኝ። ደገኛ ነኝ፤ ስድስት ዓመት እዚሁ ከተማ ኒውላንድ ሰፈር ኖሬም ከጋምቤላ ፀሐይ ጋር አልታረቅንም። በመንገድ ላይ ከብቶች ሲሻገሩ ሁለት ጊዜ ቆምን። አጠገቤ የተቀመጡት የእህል ነጋዴ የጉዟችንን ምክንያት ሲሰሙ ሳቁ።

«ለነቀዝ ብላችሁ አቦቦ ድረስ? የእኔ መጋዘን ሞልቶ!»

አራት ሰዓት፣ አቦቦ

የአሪየት አክስት አኳታ መጀመሪያ ማንጎ አስበሉን። ከዚያ በቆሎውን በወንፊት እየነፋን ቆጠርን። ከኒሙ ባልዲ አሥራ ዘጠኝ ነቀዝ ወጣ፣ ከአመዱ ሠላሳ አንድ። ምንም ካልተጨመረበት ሁለት ብቻ! አሪየት ደግማ ነፋችው። ያው ሁለት ነው።

«እሱ መድኃኒት የለውም፣ አሳዘነኝ» አሉ አኳታ። «በሦስት ቀን፣ በሦስት ቀን ቆርቆሮ ላይ አሰጣዋለሁ። ፀሐይ ይመታዋል።»

ክው አልኩ። ማወዳደሪያው ከተነካ ኒም ሠርቷል ማለት አንችልም። ወደ አሪየት ጠጋ ብዬ፣ «ሦስተኛውን ሳንጠቅስ እንለፈው። ኒም ከአመድ በልጧል፤ ወረቀቱም ታትሟል» አልኳት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

«ቲቸር፣ መልሱን ካወቅነው ለምን መጣን?»

ከዚያ አክስቷን ስንት ሰዓት እንደሚያሰጡት፣ መቼ እንደሚያገላብጡት እየጠየቀች ደብተሯን ሞላች። እኔም ቆርቆሮውን ነካሁት፤ እጄን ፈጀኝ። ለካ ያቺ ስድስት ዓመት ያማረርኳት ፀሐይ ሥራ ላይ ነበረች።

ከመሄዳችን በፊት አሪየት አዲስ በቆሎ በአራት ባልዲ አዘጋጀች። ሁለቱ እንደ በፊቱ ኒምና አመድ አላቸው፣ አንዱ በፀሐይ የሚሰጣ ነው። ምንም ያልተጨመረበትን አራተኛውን ደግሞ ለአክስቷ አሳየች።

«ይሄን እንዳትነኪው።»

«ነቀዝ ይብላው?»

«ይብላው።»

አኳታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጨክነው የሚተዉት አይመስለኝም።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ኒውላንድ

ቤቴ በረንዳ ላይ አሪየት የታተመውን ወረቀት ገልብጣ በጀርባው በማርከር ጻፈች፦ «ነቀዝን ፀሐይ ታባርረው ይሆን?» ከሥሩም የሦስቱን ባልዲዎች ታሪክ፣ ስህተቱን ሳትደብቅ አሰፈረች። ዘጠኝ ዓመት የሙከራ መልስ ከመጽሐፍ ሳስገለብጥ ኖሬ፣ መልሱን የማላውቀው ጥያቄ ይዤ ቤቴ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ ብሎኛል።

«ተመራማሪዎች» በሚለው ሥር የራሷንና የአክስቷን ስም ጽፋ ቀና አለች።

«የእርስዎንስ ቲቸር፣ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ወረቀት አሳታሚ በይኝ።»

ሳቀችና እንዳልኳት ጻፈችው።