እናቱ ሳታውቅ የመጣን ተማሪ የማይመዘግብ ኮሌጅ

ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ማንም ጋብዞኝ አይደለም። መጋቢያችንን ሦስት ሳምንት ለምኜ ነው ይህን ማይክ ያገኘሁት። ለምን ለመንኩ? እዚሁ መድረክ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ አንድ ጊዜ መስክሬ ነበር። ያ ምስክርነት ውሸት ነበር።

ቆዩ፣ አትደንግጡ! የመጣሁት ደስታ ላወራ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን! የምጮኽ ሰው እንዳልሆንኩ ታውቃላችሁ። አዲስ አበባ አሥራ አራት ዓመት ጋዜጣ ላይ ስሠራ ባለሥልጣን ሲቆጣኝም ስልክ ሲዘጋብኝም ድምፄ ከፍ ብሎ አያውቅም። ዛሬ ከፍ ካለ ግን ታገሡኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ሰሎሜን የተዋወቅኋት ከአገር ወጥቼ እዚህ ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ከመጣሁ በኋላ ነው። ልቤ እሷ ላይ ሲወድቅ ቁርጡን ነገረችኝ፦ «ጌታን የማያምን ሰው አላገባም። አትድከም።» እኔ ደግሞ በሥራዬ ብዙ ሰው ቃለ መጠይቅ ያደረግኩ ሰው ነኝ። ምስክርነት እንዴት እንደሚጀመር፣ የቱ ጋ እንደሚያስለቅስ አውቃለሁ። ከአንዱ ሱሱን፣ ከሌላው ሕልሙን ወሰድኩና ገጣጠምኩት። ጫት በአፌ ዞሮ የማያውቅ ሰው «ከጫት ነፃ ወጣሁ» አልኩ። እናንተም ሃሌ ሉያ አላችሁ። ሰሎሜ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። በአራተኛው ወር ተጋባን።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ መዝሙር ሲዘመር እጄን አነሣለሁ፤ ጸሎት ሲደረግ ዓይኔን ጨፍኜ የመኪናዬን ጎማ መቼ እንደምቀይር አስባለሁ። ማንም አልጠረጠረኝም።

ጋሽ ታደለን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ላላወቃችኋቸው፣ በድሮው ጊዜ ዴንቨር መሐል፣ ካፒቶል ሂል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ በአውቶቡስ እየተመላለሱ ፓርኪንግ ይሠሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ጌታ ጠራኝ ብለው ከባለቤታቸው ጋር ታይላንድ ሄዱ። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሁሉም የቡድሃ እምነት ተከታይ በሆነበት አገር፣ በሰሜኑ ክፍል፣ በአንድ አሮጌ የሩዝ ወፍጮ ቤት ውስጥ የነገረ መለኮት ኮሌጅ ከፈቱ። ይህች ቤተ ክርስቲያን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጸሎትም በገንዘብም አብራቸው አለች።

በ2017 የላኩት ደብዳቤ ሁለት መስመር ነበር። «ዘንድሮ አሥራ ሁለት ተማሪዎች መጡ። ዘጠኙን ወደ ቤታቸው መለስኳቸው። ጸልዩ።» በቃ።

የሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ አቶ ዘርዓይ መነጽራቸውን አወለቁ። «ኮሌጅ ነው የከፈተው ወይስ የአውቶቡስ ፌርማታ? ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል! ጋዜጠኛው ሄዶ ይይልን። እሱ ውሸትን ከሩቅ ያሸታል።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም እንደ ምንም ሳቅሁ።

ለሁለት ሳምንት ሄድኩ። የሪፖርቴን መደምደሚያ አውሮፕላን ውስጥ ጽፌዋለሁ፦ «ይዘጋ።» ለጋዜጠኛ ይህ ነውር ነው። ቢሆንም ጻፍኩት።

ኮሌጁ ስድስት ክፍል ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ወፍጮው ከተነሣ ዓመታት ቢያልፉም ከግድግዳው ሳንቃ መሐል የሩዝ ገለባ ብናኝ ይወርዳል። ከመንገዱ ማዶ የቡድሃ ቤተ መቅደስ አለ። ጠዋት ጠዋት መነኮሳቱ ሳህናቸውን ይዘው ምግብ ለመቀበል ሲያልፉ ጋሽ ታደለ መዳፎቻቸውን ገጥመው፣ ዝቅ ብለው ሰላም ይሏቸዋል። የመነኮሳቱ አለቃም ቆም ብለው ስለ ጋሽ ታደለ የጉልበት ሕመም ይጠይቃሉ። ጋሽ ታደለ ዳይሬክተርም፣ መዝጋቢም፣ የዕብራውያንን መልእክት አስተማሪም፣ ሽንት ቤት ሲደፈን ከፋችም ናቸው።

ምዝገባ ላይ ተቀምጬ አየሁ። አዲስ ተማሪ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ እምነቱ አይደለም፤ ስለ ትምህርት ማስረጃውም አይደለም። «እናትህ ታውቃለች?» ነው።

ይህን ላስረዳችሁ። በዚያ አገር ወንድ ልጅ ለተወሰኑ ሳምንታትም ቢሆን ፀጉሩን ተላጭቶ ይመነኩሳል። ይህን የሚያደርገው ለእናቱ ነው። እናት ልጇ ከተወለደ ጀምራ ያን ቀን ትጠብቃለች፤ ለነፍሷ የሚተርፋት እሱ ነው ብላ ታምናለች። ልጁ ክርስቲያን ከሆነ ያ ቀን ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ለቤተሰባቸው ይዋሻሉ። «ከተማ ኮምፒውተር እየተማርኩ ነው» ይላሉ። ጋሽ ታደለ ይህን ሲሰሙ መዝገቡን ይዘጋሉ። «ሂድና ንገራት። ከዚያ ና።»

«ጋሽ ታደለ፣ በዚህ አያያዝ እኮ ኮሌጁ ባዶ ይቀራል» አልኳቸው።

«ይቅራ።»

«ስንት ዓመት የለፉበት ነው! እናትየዋ እምቢ ብትልስ?»

«አዋቂ ሰው ነው፤ እምቢ ብትልም እመዘግበዋለሁ። ፈቃድ አምጣ አላልኩትም። ትወቅ ነው ያልኩት። እስኪ አንተ ንገረኝ ጋዜጠኛው፤ እናቱን እየዋሸ የተማረ ሰው ሲመረቅ ምን ይሆናል? ዲፕሎማ ያለው ውሸታም! እሱን ለማፍራት ታይላንድ ድረስ ምን አመጣኝ? ኮልፋክስ ላይ ሞልቶልኛል።»

ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። 

በሁለተኛው ሳምንት ሶምቻይ የሚባል የሠላሳ ዓመት ሞተር ሳይክል ጠጋኝ መጣ። ሦስት ጊዜ ተመልሷል፤ ሦስቱንም ጊዜ እናቱ ደጃፍ ደርሶ ፈርቶ ዞሯል። «ብቻዬን አልችልም» አለ። በጋሽ ታደለ ፒካፕ ሦስት ሆነን ሁለት ሰዓት ነዳን።

እናቱ በእንጨት ምሰሶ ላይ ከቆመው ቤታቸው ሥር ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት በዘለላ በዘለላ ያስራሉ። ሶምቻይ ፊታቸው ተንበረከከ። ጋሽ ታደለ በጆሮዬ ይተረጉሙልኛል።

«እማዬ፣ ከተማ ጋራዥ እየሠራሁ አይደለም። ክርስቶስን ተከትያለሁ። ቃሉን ልማር ነው።»

ማሰራቸውን አላቆሙም። ሁለት ዘለላ አስረው ጨረሱ። ከዚያ «አባትህ ሲሞት እንኳ አልተላጨህም፤ እጠብቀዋለሁ አልኩ» አሉ። ወደ ጋሽ ታደለ ዞሩና «አንተ ነህ የወሰድክብኝ?»

«እኔ ሦስት ጊዜ የመለስኩልዎት ሰው ነኝ።»

በእጃቸው የያዙትን ነጭ ሽንኩርት ወረወሩባቸው። ትከሻቸውን መታቸው። ጋሽ ታደለ ጎንበስ ብለው አነሡና ክምሩ ላይ መልሰው አስቀመጡት። «ሂዱልኝ» አሉ እናትየዋ።

ስንመለስ ሶምቻይ ፒካፑ ኋላ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል መሰለኝ። ዞሬ ሳየው ፊቱ በእንባ ርሶ ይስቃል! «ነገርኳት! ነገርኳት!» ይላል፤ መንገደኛው ሁሉ ያየዋል። ከእስር ቤት በር የሚወጡ ሰዎችን ብዙ ጊዜ ዘግቤያለሁ፤ ያንን ፊት አውቀዋለሁ። ወገኖቼ፣ ቀናሁበት!

ነዳጅ ለመቅዳት ስንቆም ጋሽ ታደለ ጠየቁኝ። «አንተ ምን ሆነህ ነው ዝም ያልከው? የምትዋሸው ሰው አለህ እንዴ?» እንደ ቀልድ ነበር ያሉት።

«ባለቤቴ» አልኳቸው። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ተቆጡ? አልተቆጡም። «ታዲያ አንተንም አልመዘግብህም። ሂድና ንገራት» አሉ።

«ጋሽ ታደለ፣ እኔ እኮ አላምንም። ሳላምን ምን ብዬ ልጸልይ?»

«የምታውቀውን በል። የማታውቀውን ተወው። ሥራህ አይደል?»

በማግስቱ ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጬ በሕይወቴ የመጀመሪያውን እውነተኛ ጸሎት ጸለይኩ። «መኖርህን አላውቅም። በስምህ መዋሸቴን ግን አውቃለሁ።» በቃ። እሳት አልወረደም፣ ሕልም አላየሁም። ይህን የምነግራችሁ አንዳች እንዳልጨምርበት ነው። ግን በማግስቱም ደገምኩት፤ ማንም ሳያዝዘኝ!

ከሁለት ቀን በኋላ የሶምቻይ እናት በጎረቤት ሞተር ሳይክል ተፈናጠው ከች አሉ። «አልፈቀድኩም» አሉ ገና ሳይወርዱ። «የሚተኛበትን ላይ ነው የመጣሁት።» ፍራሹን በእጃቸው ተጫኑት። ድስቱን ከፍተው ሩዙ እንደ ገንፎ ሆኗል ብለው የኮሌጁን ምግብ አብሳይ ተቆጡ። ሲሄዱ ጋሽ ታደለን ጠሯቸውና «ዳግመኛ ከዋሸኝ ንገረኝ» አሏቸው። ሶምቻይ በዚያው ቀን ተመዘገበ። ክብር ለጌታ ይሁን!

እኔስ? ዴንቨር በገባሁ በማግስቱ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሰሎሜ እንግልውድ ከምትሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ስትወጣ ላመጣት ሄድኩ። ፓርክ አድርጌ ነገርኳት።

«ጫቱም?» አለችኝ።

«ጫቱም።»

«ሕልሙም?»

«ሕልሙም።»

«እኔ ያንን ሰውዬ ነው ያገባሁት። አንተን አላውቅህም።» በሩን ከፍታ ወረደችና በአውቶቡስ ወደ ቤት ሄደች።

ለስድስት ሳምንት ስለ ወተትና ስለ ልጃችን መዋያ ካልሆነ አላናገረችኝም። ትዳሬ አበቃለት ብዬ ነበር። ግን አንድ ነገር ሆነ፤ የማስመስልለት ሰው አጣሁ። ጸሎት ብጸልይ የሚያየኝ የለም። ወንጌልን እንደ ጋዜጠኛ ማንበብ ጀመርኩ፤ ይህን ማን አየ? ማን ነገረው?

እዚህ አገር እንጀራዬ የኤርፖርት ሚኒባስ፣ ሻትል መንዳት ነው፤ አንድ ቀን ከኤርፖርት ያመጣሁትን ተሳፋሪ አድርሼ በባዶ ሻትል ኮልፋክስ ላይ ቀይ መብራት ይዞኛል። ጠዋት ያነበብኩት ጴጥሮስ በገረዲቱ ፊት ጌታን የካደበትን ነው። ይህን ወሬ ለጸሐፊዎቹ ማን ነገራቸው አልኩ። ደቀ መዛሙርቱ ሸሽተዋል። ለእኔ የታየኝ መልስ አንድ ነው፤ ምንጩ ራሱ ነው! ጴጥሮስ ራሱ ነው የተናገረው! ሰው ስለ ራሱ በሚያስወራው ዜና ውስጥ ውርደቱን አያስገባም፤ ይህን ያህል ዓመት ሠርቼ አንድም አላጋጠመኝም። ይህ ሰው ግን ክህደቱን በየጉባኤው እየቆመ ተናገረ። እንዲህ የሚያስደርገው ምሕረት ያገኘ ሰው ካልሆነ ማን ነው? የካደው ጌታ በእርግጥ ከሞት ተነሥቶ ፈልጎ ካላገኘው በቀር!

«ጌታ ሆይ፣ አምናለሁ!» ብዬ ጮኽኩ። ሃሌ ሉያ! አጠገቤ የቆመው ሾፌር አይቶኝ መስኮቱን ዘጋ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ኋላዬ ጥሩምባ ተነፋ፣ እኔ እንባዬ መንገዱን ከልሎብኛል!

ለሽማግሌዎቹም ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። አቶ ዘርዓይ «ታዲያ ስለ ኮሌጁ ያመጣኸውን ሪፖርት በምን እንመነው?» አሉኝ።

«አትመኑኝ። ደውላችሁ አጣሩ።»

ደወሉ። አጣሩ። ኮሌጁ ዛሬም ክፍት ነው፣ ጋሽ ታደለ ዛሬም ይጠይቃሉ፣ ሶምቻይም ዘንድሮ ይመረቃል። እናቱ አሁንም አልፈቀዱም፤ ግን ወር በገባ ቁጥር እየመጡ ሩዙን ያስተካክላሉ። እግዚአብሔር ይመስገን!

ወገኖቼ፣ ያን ቀን አልቅሳችሁልኝ ነበር። በእውነተኛ እንባችሁ ቀልጃለሁና ይቅር በሉኝ። ምናልባት ዛሬ ከመካከላችሁ አፉ አሜን እያለ ልቡ ሩቅ የሆነ ሰው ይኖራል። ወንድሜ፣ እህቴ፣ አትፍራ፣ አትፍሪ። የምታውቀውን ያህል ብቻ ይዘህ ወደ ጌታ ቅረብ፤ እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የቀረብኩት፤ እሱም እምነት አልነበረውም። አልመለሰኝም! ከጉባኤው በኋላ እዚህ ጥግ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ አብረን እንጸልይ።

ሰሎሜ እዚያ ኋላ ተቀምጣለች። ዛሬ ጠዋት መኪና ውስጥ ምን ብዬ እንደምጨርስ ጠየቀችኝ። «ታርቀናል እላለሁ» አልኳት።

«እንዳትዋሽ» አለች። «እየታረቅን ነው በል።»

እየታረቅን ነው፣ ወገኖቼ። ክብር ለጌታ ይሁን! እየታረቅን ነው!