ከምጽዋ እስከ ፎገራ የወሰድሁት መርዶ

ትእዛዙ የመጣው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ከዳህላክ ደሴቶች ወዲያ አንድ ሳምቡክ ያለ ባንዲራ ሲሄድ ታይቷል፣ አስቁማችሁ ፈትሹ ተባልን፣ እኛ ምጽዋ ያለን የባሕር ኃይል ሰዎች። ሳምቡክ የቀይ ባሕር ነጋዴዎች የሚሄዱበት የእንጨት ጀልባ ነው። መሣሪያ የሚያሻግሩበትም ነበሩ። ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው።

መርከባችን በዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካኖች ነበረች። ሥራዋ ውሃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅና ጥይት ማቀበል፣ የተጎዱትንም ከባሕር አንሥቶ መጠገን ነበር። እኛ ስንረከባት አውሮፕላን አልነበረንም። አውሮፕላን ይነሣበት የነበረው ክሬን የፍተሻ ጀልባችን ማውረጃ ሆነ። አውሮፕላን ይቆምበት በነበረው ሰፊ ቦታ ላይ እኛ ለሰልፍ እንቆም ነበር።

ጓደኛዬ አያሌው የወረታ ልጅ ነው፣ እኔ የሐሙሲት። በአንድ ቀን ተመለመልን። መልማዩ ዋና ትችላላችሁ ወይ ቢለን አያሌው «ፎገራን ክረምት መጥተው ይዩት» አለው፤ ሜዳችን ክረምት በውሃ ይሞላል። ሁለታችንንም ወሰደን።

ያን ዕለት ጀልባዋ ውስጥ ከጎኔ ተቀመጠ። «ቁርስ ሳንበላ» አለ።

ተጠጋን። አዛዣችን በአረብኛ ቁሙ ብሎ ጮኸ። ሳምቡኩ ሸራውን አወረደ። የሚቆም መሰለን። ከሸራው ሥር ተኮሱብን። መትረየሳችን ጥቂት ተኩሶ ነከሰ፤ ጥይቱ ተቀረቀረ። አዛዣችን ወደቀ። ሞተረኛው ወደቀ። አያሌው መትረየሱን ሊያላቅቅ ብድግ ሲል ደረቱን ተመታና በጀርባው ወደ ውሃው ሄደ። እጄን ሰደድሁ። ልብሱን ነካሁት፤ አልያዝሁትም። ከዚያ መርከባችን በመድፍ ሳምቡኩን መታችው። ነደደ፣ ሰጠመ።

አያሌውን እስከ ቀትር ፈለግነው። አልተገኘም። ክሬኑ ጀልባዋን ሁለቱን ሬሳ እንደያዘች አነሣት። ከሥሯ የሚንጠባጠበው ውሃ ቀይ ነበር። ምሳ ሰጡን፣ በላሁ። የበላሁት ምን እንደነበር ዛሬ ብጠየቅ አላውቀውም።

የአገሩ ልጅ ነህና መርዶውን አንተ ውሰድ ተባልሁ። በአስመራ፣ በጎንደር አድርጌ ወረታ ስደርስ ነሐሴ ነው። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ተኝቷል። በእኛ ዘንድ መርዶ የሚነገር ጎሕ ሲቀድ፣ በሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ልፈልግ ስሄድ የአያሌውን አባት አቶ ዘለቀን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው በሬዎቻቸውን ወደ ደረቁ ለማሻገር ይታገላሉ። አዩኝ። ከዚያ ከኋላዬ ሰው ፈለጉ።

«ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ፣ ጋሼ።»

የበሬዎቹን ገመድ አልለቀቁም።

«የት ቀበራችሁት?»

«አልተገኘም። ባሕር ነው የቀረ።»

«እሽ» አሉ። «ና ያዝልኝ። እናቱ ሳትሰማ በሬዎቹ ይሻገሩ። ከሰማች ወዲያ ሰው ሁሉ ለቅሶ ላይ ነው፣ ማን ያወጣቸዋል?»

ጫማዬን ሳላወልቅ ገባሁ። እኔ ከፊት ሳብሁ፣ እርሳቸው ከኋላ ነዱ። አንዱ በሬ ሁለት ጊዜ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ሁለት ጊዜ አነሣነው። ከደረቁ ስንወጣ አቶ ዘለቀ ገመዱን እንደጨበጡ ጭቃው ላይ ተቀመጡ። እስኪነሡ ድረስ ቆሜ ጠበቅሁ።

በነጋታው ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች እናቱን አረዷቸው። ሬሳ የለምና በልብሱ ሊለቀስ ነው። ይዤው የመጣሁትን የአያሌውን ነጭ የባሕረኛ ልብስ ዘረጋሁት። እናቱ ወይዘሮ ጥሩ እጅጌውን ዳሰሱት።

«ይህ የማን ልብስ ነው?» አሉኝ።

በዚያ ልብስ አይተውት አያውቁም። ገብተው ሲያርስ ይለብሰው የነበረውን ቁምጣና አሮጌ ጋቢ አወጡ። የተለቀሰው በዚያ ነው። ነጩን አጥፌ ወደ ሻንጣዬ መለስሁት።

ከዚያች ጀልባ ሦስት ሰው ሞተ፤ አዛዣችን፣ ሞተረኛው፣ አያሌው። እኔ ወደ መርከቢቱ ተመልሼ አገልግሎቴን ጨረስሁ። እናንተ ልጆች፣ ጦርነት እንዴት ነው ስትሉኝ ከዚህ የተለየ የምነግራችሁ የለኝም። በሳምቡኩ ላይ ስንት ሰው እንደነበረ ግን አላውቅም፤ የቆጠረም የለም። ለእነርሱ ወላጆች ማን መርዶ እንደወሰደላቸው አንዳንዴ አስባለሁ።