የካንዲ ቴምብሮች

ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ከቀበሌ ሲጠራ የቴምብር አልበሙን ለእኔ ሰጠኝ። «አዲስ ካገኘሽ ጨምሪበት፤ ስመለስ አየዋለሁ» አለኝ። እናታችን አጠገባችን ቆማ ነበር። «ስመለስ» ሲል ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አባታችን ቀደም ብሎ ስላረፈ፣ ኮልፌ ባለችው ቤታችን የቀረነው እኔና እሷ ብቻ ሆንን።

አዲስ ቴምብር ከየት ይምጣ? ከውጭ አገር የሚጽፍልን ሰው አልነበረም። በዚያው ዓመት ግን ከአጥራችን ማዶ ያለውን የቀበሌ ቤት አንዲት የሒሳብ አስተማሪ ተከራየችው። ከስሪላንካ የመጣች፣ ጠይም፣ ቀጭን፣ ፀጉሯን ጎንጉና እስከ ወገቧ የምትለቅ ሴት ነበረች። ሰፈሩ «ህንዷ» ይላታል፤ እኛ ተማሪዎቿ «ሚስ» እንላታለን። ክረምት ላይ የኮልፌ ጭቃ አንድ እግር ጫማዋን ነጥቆ ሲያስቀርባት እናቴ በአጥሩ ቀዳዳ አየች። ወደ ቤት ገብታ የራሷን የላስቲክ ቦቲ አውጥታ ሰጠቻት። መቀራረባቸው በዚያ ተጀመረ።

የሚስ እናት ካንዲ ከሚባለው ከተማቸው ሳትሰለች ትጽፍላት ነበር። ደብዳቤው በትምህርት ቤቱ ፖስታ ሳጥን በኩል ይመጣል። ቴምብር እንደምሰበስብ ስትሰማ የፖስታውን ጥግ በመቀስ እየቆረጠች ትሰጠኝ ጀመር። እኔም ወንድሜ ያደርግ እንደነበረው ከነወረቀቱ አልበሙ ላይ እለጥፋለሁ።

አንድ ቀን ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት ቴምብሮች ይዛ መጣች። በአንዱ ላይ ቅርንጫፎቹ የተንዠረገጉ ዛፍ አለ። በሌላው ላይ እግሩን አጣጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የተቀመጠ ሰው የድንጋይ ሐውልት ይታያል።

እናቴ ወደ መስኮቱ ወስዳ በብርሃን አየችው። «ይኼ ጣዖት ነው እንዴ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ሚስ ሰምታ ሳቀች። አማርኛውን ከእንግሊዝኛ እየቀላቀለች፣ ሲያቅታት እኔ እያስተረጎምኩላት አስረዳችን። ሐውልቱ የእምነታቸው መምህር የቡድሃ ነው። ቴምብሩ የወጣው የአገሯንና የህንድን ወዳጅነት ለማሰብ ነው፤ እምነቱ ከህንድ ተነሥቶ ወደ እነሱ የተሻገረ የሁለቱም ቅርስ ስለሆነ። ዛፉ ደግሞ ቡድሃ ከሥሩ ተቀምጦ እውነት የተገለጠለት ዛፍ ነው። በጥንት ዘመን አንዲት የህንድ ንጉሥ ልጅ ቅርንጫፉን በመርከብ ጭና ወስዳ አገራቸው ላይ ተከለችው።

«ከዚያስ ተመለሰች?» አለች እናቴ።

«አልተመለሰችም እማማ። እዚያው ኖራ እዚያው ሞተች። ስትሄድ አባቷ ንጉሡ እስከ አንገቱ ባሕር ውስጥ ገብቶ ሸኛት ይባላል።»

«እናቷስ?»

ሚስ ይህን ታሪክ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማ የንጉሡ ልጅ እናት ትዝ ብላት እንደማታውቅ ከፊቷ ይነበብ ነበር። «አላውቅም። ለእናቴ ጽፌ እጠይቃታለሁ» አለች።

መልሱ ሲመጣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ እኛ ቤት ሮጠች። ቆማ በእንግሊዝኛ አነበበችልን፤ እኔም ለእናቴ ወደ አማርኛ መለስኩላት። «የእናትየዋን ነገር መነኮሳቱ ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም። ግን ለዚያች ሴት ንገሪያት፤ እናትየዋ ቤት ቀርታ በር በሩን ስታይ ነው የኖረችው።»

እናቴ ጉንጯን በእጇ ደገፈች። «ታውቃለቻ» አለች። «የእሷም ልጅ ሰው አገር ናት።»

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እናቶች ተዋወቁ። የእኔዋ ትናገራለች፣ ሚስ ትጽፋለች። ከወዲያ ሰላምታው ይመጣል፤ «የወታደሩ ልጅሽ ወሬ እንዴት ነው?» የሚል አይጠፋበትም። የሚስ አገር ሰዎችም ሙሉ ጨረቃ በምትወጣበት ቀን ነጭ ለብሰው፣ ሥጋ ሳይቀምሱ ቤተ መቅደስ እንደሚሄዱ ስትሰማ እናቴ ደስታዋን አልቻለችውም። «ይጾማሉ እኮ! ነጭም ይለብሳሉ!» እያለች ለጎረቤት አወራች። ጥጥ ፈትላ፣ አንድ ነጠላ አሠርታ፣ ለዕረፍት ወደ ስሪላንካ በሚሄድ ሌላ መምህር እጅ ለሚስ እናት ላከችላት። በምላሹ የሻይ ቅጠል መጣልን። የኅብረት ሱቁ ስኳር አልቆ ስለነበር ያለ ስኳር ጠጣነው። እናቴ ግን «ይጣፍጣል» አለች።

ሚስ በመጣች በሁለተኛው ዓመት የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር አንድ ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጡ። ቴሌግራም ደርሷል፤ የሚስ እናት ሞታለች።

«ነገ ቢሮ ጠርቼ ብነግራትስ?» አሉ።

«በስመ አብ! መርዶ እንዲህ አይነገርም» አለች እናቴ። «ሰው የላትም እንዴ?»

ወዲያው ነጠላዋን ደርባ ወደ ዕድሩ ዳኛ ሄደች። እኔም ተከተልኳት። ሽማግሌው አገጫቸውን እያሻሹ «ልጅቷ አባል አይደለችም፤ እምነቷም ሌላ ነው» አሉ።

«አባሏ እኔ ነኝ። የሞተችው እህቴ ናት በሉና ድንኳኑን አምጡልኝ።»

ሽማግሌው ትንሽ አዩዋትና «እግዜር ያጥናሽ» አሏት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እናቴና ጎረቤት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሚስ በር ላይ ቆሙ። ሚስ ፀጉሯን ሳትጎነጉን ከፈተች። ሴቶቹን አየች፣ ነጠላዎቹን አየች፣ ከዚያ እናቴን አየች። እኛ ዘንድ ኖራ ስለነበር ምልክቱን ታውቀዋለች። ጮኻ እናቴ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«እማማ! ልጅዎ? ልጅዎ ሞተ?»

ለእናቴ ልታለቅስላት ነበር። እናቴ አጥብቃ ያዘቻት። «የለም ልጄ» አለቻት። «እኔ አይደለሁም። እናትሽ ናት። እናታችን ናት።»

ሚስ ከእቅፏ ሳትወጣ እዚያው ደጃፍ ላይ ተንበረከከች።

እስከ ሠልስት ድንኳኑ አልፈረሰም። ሰው ንፍሮ ይዞ መጣ፤ ከአየር ጤና ድረስ የመጡ የተማሪ ወላጆች ነበሩ። ማንም ያላያትን ሴት ሰፈሩ አለቀሰላት። እርግጥ ያንጊዜ ልጁ ግንባር ያልሄደበት ቤት ጥቂት ነበር፤ ማን ለማን እንደሚያለቅስ እግዜር ነው የሚያውቀው።

ለቀስተኛው ሲበተን አልበሙን ይዤ ሄድኩ። «ሁሉንም ውሰጂያቸው፤ እናትሽ በእጇ የለጠፈቻቸው ናቸው» አልኳት። አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰቻቸው። ከዚያ ሁለቱን የተያያዙ ቴምብሮች ከመሐል በመቀስ ለየቻቸው። ሐውልቱን ወስዳ ዛፉን መለሰችልኝ። «ይኼ የእማማ ጥያቄ ነው፤ እናንተ ዘንድ ይቅር» አለች።

ውሏ ሲያልቅ ሄደች። የትምህርት ቤቱ ላንድሮቨር ሊወስዳት ሲመጣ እናቴ እንደ ራሷ ልጅ ግንባሯን ሳመቻት፤ ሚስ ደግሞ ጎንበስ ብላ የእናቴን እግር ነካች። ከካንዲ ጥቂት ጊዜ ጻፈችልን። እዚያም ችግር አለ ትል ነበር። ኋላ ደብዳቤው ቀረ።

ወንድሜ መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ከስቶና ፂሙ አድጎ በእግሩ ገባ። እናቴ እሱን አቅፋ ስታለቅስ መሐል ላይ «ለሚስ ንገሯት፤ መጣ በሏት» ትል ነበር። ያን ለታ ጻፍኩላት። እናቴ ያረፈች ጊዜም በዚያው አድራሻ ጻፍኩ። ደብዳቤዎቹ አልተመለሱም፤ መልስም አልመጣም።

አሁንም ከተማ ውስጥ የዚያን አገር መልክ ያላት ሴት ካየሁ እቀርባለሁ። ከስሪላንካ ከሆነች ካንዲን ታውቅ እንደሆነ፣ ድሮ ኢትዮጵያ ያስተማረች አንዲት የሒሳብ መምህርት ሰምታ እንደሆነ እጠይቃታለሁ። አብዛኞቹ በትህትና ፈገግ ይላሉ። አገሩ ሰፊ ነው፣ ሰዉ ብዙ ነው ይሉኛል። አውቃለሁ እላቸዋለሁ፤ ግን እጠይቃለሁ።